ሁለት ድምፅ እና ማስመሪያ

በሩ ሳይንኳኳ ሲከፈት አፏ ሙሉ ነበር። በአንድ እጇ ሹካ፣ በሌላው ማስመሪያ ይዛለች። እስቲ አስቡት፣ ማስመሪያ ይዞ ምሳ የሚበላ ሰው።

«ማስመሪያ የሚሏት አንቺ ነሽ?» አለ በሩ ላይ የቆመው ረጅም ልጅ።

እንደምንም ዋጠችና «ሁለት ድምፅ የሚሉህ አንተ ነህ?» አለችው።

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

«ፎቶዬን ላመጣ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ፍላሹን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጦ። «ይቅርታ፣ ምሳሽን አቋረጥኩሽ።»

«ኧረ ችግር የለም። ብቻዬን ነኝ።»

አሁን ይሄ ምን የሚሉት መልስ ነው? ብቻዋን መሆኗን ማን ጠየቃት?

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማሪ ካውንስሉን የምረቃ መጽሔት ገጽ በገጽ የምታሰናዳው እሷ ናት። ፎቶዎቹ በትክክል መደርደራቸውን ዓይኗን ስለማታምን ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ እየለጠፈች ትለካለች፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት ከዚያ ነው። ቢሮዋ የድሮ የስፖርት ዕቃ ክፍል ነው። የተነፈሱ ኳሶች፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር። ምሳዋን ሁልጊዜ እዚያ ትበላለች። ለምን ብሎ ለሚጠይቃት «ሥራ አለብኝ» የሚል መልስ አዘጋጅታለች። የሚጠይቃት ግን የለም።

እሱ ደግሞ ዓመቱ ሲጀመር ለካውንስሉ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ነበር። ሌሎቹ አዲስ ማሊያ አሉ፣ ሽርሽር አሉ፣ ምን ያላሉት አለ። እሱ መድረክ ላይ ወጣና «ላይብረሪው በምሳ ሰዓት ይከፈት» አለ። «አብሮት የሚበላ ሰው የሌለው ተማሪ የሚገባበት ያስፈልገዋል።»

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ቆጠራው ሲነበብ ሁለት ድምፅ ብቻ። አንዱ የራሱ መሆኑ ያለ ነው፤ ሁለተኛውን የሰጠው ጉደኛ ማን ይሆን ተብሎ ስንት ተሳቀ።

ጉደኛዋ እሷ ነበረች። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷ ሆዷ ባብቶ ነበር። የሷን ምሳ ሰዓት መድረክ ላይ ወጥቶ የተናገረባት ነው የመሰላት። ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

በማግስቱ ልጁ ተመልሶ መጣ። እያንዳንዱ ተመራቂ ከፎቶው ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ የመጨረሻ ቃል ይሉታል። የክፍሉን ልጆች ቃል ሰብስቦ ሊያነብላት ነው፣ እሷ ልትጽፍ። ከክፍሉ ወንበር ተሸክሞ ነው የመጣው።

«ይሄ ወንበር መመለሻ አለው?» አለችው።

«ካላባረርሽኝ የለውም።»

እንዲህ እያሉ ምሳ አብረው መብላት ለመዱ። እሱ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። ከሦስት ልጅ ሁለቱ «ሕልማችሁን ተከተሉ» ነው የሚሉት።

«ሁሉም ተከትሎ የት ሊደርስ ነው?» ይላል እሱ፣ እሷ በሳቅ ፊደል ትስታለች።

አንድ ቀን ደፈረችና ጠየቀችው። «ሁለተኛውን ድምፅ የሰጠህ ማን ይመስልሃል?»

«ተሳስቶ ምልክት ያደረገ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ተቋረጠ።

እኔ ነኝ ልትለው አፏን ከፈተች። አዝናልኝ ነው ብሎ ቢያስብስ? አፏን ዘጋችው።

መጽሔቱ ሊያልቅ ሲል የካውንስሉ ፕሬዚዳንት ከነጓደኞቹ መጣ። የሁሉም ሰው ጓደኛ የሆነ፣ ፀጉሩን ሲያስተካክል የሚውል ልጅ ነው። «የዓመቱ ጉዶች» የሚል ገጽ ሠርቶ አመጣላት። ስትከፍተው የረጅሙ ልጅ ፎቶ ነው፣ ጭንቅላቱ ላይ ዘውድ ተስሎበት። ከሥሩ፦ ሁለት ዜጋ ያለው ንጉሥ።

«ይሄ አይገባም» አለች።

«ቀልድ እኮ ነው። ምነው፣ ዘመድሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ? ወይስ... ሌላ ነገር አለ?» ቅንድቡን አነሳ። ከኋላው ያሉት አሽካኩ።

ሲወጡ በንዴት ፎቶውን አጠፋችው። ግን ከገጹ ላይ መሰላችሁ? ፎቶዎቹ ከተቀመጡበት ፎልደር ነው ያጠፋችው። የጉዶቹም ገጽ፣ የተመራቂዎቹም ገጽ ያንኑ አንድ ፎቶ ነው የሚወስዱት። እሷ፣ ሁሉን በማስመሪያ የምትለካው፣ ይሄ ጠፋት።

በነጋታው ሁሉም ስሙን እንዲያርም የናሙናው ገጾች ሰሌዳ ላይ ተለጠፉ። በሱ ቦታ ግራጫ ሳጥን። ስሙ አለ፣ ፊቱ የለም።

«ሁለት ድምፅ ጭራሽ ተሰረዘ!» አለ አንዱ፣ ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ።

ልጁ ወደ ክፍሏ ሲመጣ አልሮጠም፣ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ፎቶዬን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?»

እውነቱን ለማስረዳት ስለ ዘውዱ መንገር አለባት። ስለ ዘውዱ ከነገረችው ደግሞ እንዳያየው የደበቀችውን ስድብ በገዛ አፏ ልትሰጠው ነው።

«አዎ» አለች።

«በስህተት?»

«አይ... ማጥፋቱን አውቄ ነው። ግን...»

«ግን ምን?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

«እመልሰዋለሁ» አለች። «አሁኑኑ፣ ፍላሽህን...»

«እንዳትመልሺው። ባዶውን ተይው። እዚህ ቤት የሚያውቁኝ እንደዛ ነው።»

ወንበሩን አንሥቶ ሄደ። እናንተዬ፣ ወንበሩን ባይወስደው ምን ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሰፋባት። ኳሶቹን እያየች ትበላለች፣ ሲያቅታት ምሳ ዕቃዋን እንደሞላ ትመልሳለች።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት እናቷ። «ፊትሽ ጠቁሯል።»

«ደክሞኝ ነው፣ እማ።»

«ያቺ መጽሔት ትውጣልኝ እንጂ! ፎቶሽን ለአክስትሽ እልክላታለሁ። ፀጉርሽን ስሠራልሽ ያደርኩትን ትይልኝ።»

መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ያን ገጽ ከፈተችው። ዘውድ ያለበት ገጽ ከመጽሔቱ ከተወገደ ቆይቷል፤ እሷ ለመጽሔቱ ኃላፊ መምህርት ስታሳያቸው «ይሄማ ነውር ነው» ብለው አስወጥተውታል። የተመራቂዎቹ ገጽ ላይ ግራጫው ሳጥን እንዳለ ነው። ፎቶው ትቶት በሄደው ፍላሽ ላይ አለ፣ ብትመልሰው ማን ያያታል? ግን እንዳትመልሺው ብሏታል። አንዴ ሳትጠይቀው ነክታበታለች፣ ሁለተኛ አትነካበትም።

የሷ ፎቶ ከሱ ቀጥሎ ነበር። ፀጉሯ አምሮባታል፣ እውነት ለመናገር። «እማ፣ ይቅር በይኝ» አለችና አጠፋችው። አሁን ግራጫው ሳጥን ሁለት ሆነ። ከሷ ሥር የመጨረሻ ቃሏን ቀይራ ጻፈች።

መጽሔቱ የተሰጠ ቀን ግቢው በጩኸት ቀለጠ። ሁሉም ይፈራረማል፣ ይተቃቀፋል። እሷ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ልቡ ካልተመለሰ ዓመቱም፣ ትምህርት ቤቱም በቃ አለቀ፤ ሁለተኛ የት ታገኘዋለች?

በሩ ተንኳኳ። አዎ፣ አሁን ተንኳኳ።

ቆሟል። በአንድ እጁ መጽሔቱን፣ በሌላው ወንበሩን ይዟል። መጽሔቱን ገልጦ የሷን የመጨረሻ ቃል ቀስ ብሎ አነበበ።

«ሁለተኛው ድምፅ የኔ ነው፤ ተሳስቼ አይደለም።»

መጽሔቱን ዝቅ አደረገ።

«ታዲያ ለምን አጠፋሽኝ?»

ያኔ ነገረችው። ዘውዱን፣ ጽሑፉን፣ ፎልደሩን፣ ሁሉንም። ፊቱን ማየት ፈርታ ለኳሶቹ ነው የነገረቻቸው።

«ሁለት ዜጋ ያለው ንጉሥ» አለ ቀስ ብሎ። «አንዱ ዜጋ እኔው ራሴ ነኝ። አንድም ድምፅ አላገኝም ብዬ ፈርቼ ራሴን መረጥኩ። ከዚያ ሁለት ሲሉ... ዓመቱን ሙሉ ስፈልግሽ ነበር እኮ። ኮሪደር ላይ ሰው ባየሁ ቁጥር፣ ይሄ ይሆን፣ ያቺ ትሆን እላለሁ። ደግሞ አጠገብሽ ተቀምጬ!»

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

ወንበሩን አስቀምጦ ተቀመጠ። እስክሪብቶ አወጣና በሷ ሳጥን ውስጥ ፊት መሳል ጀመረ። እሷም መጽሔቱን ቀምታ በሱ ሳጥን ውስጥ ሣለች፣ ያለ ማስመሪያ።

«ጆሮዬን አተለቅሽው።»

«ትልቅ ነዋ።»

«የኔንስ ስዕል እናትሽ አይታ ምን ትል ይሆን?»

«ፀጉሬን ካሳመርከው ለአክስቴ ትልከዋለች።»

እንደገና ፀጉሯን ሊያሳምር አጎነበሰ። ውጭ ጩኸቱ እንደቀጠለ ነው፣ ላይብረሪው እንደተዘጋ ነው። እሷ ምሳ ዕቃዋን ከፈተችና መሐላቸው አስቀመጠችው።

«ያለኝ ሹካ አንድ ነው» አለች።

«ተራ በተራ ነዋ» አለ። «አንቺ ጀምሪ።»