ከምላጭ በኋላ

ድርቤ ጨመዳ የወንድ ፂም መላጨት የጀመረችው ፈልጋ አልነበረም። አባቷ ኦቦ ጨመዳ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ፀጉር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ሐኪም ቤት ከርመው ሲመለሱም እጁ መቀስ ይይዛል እንጂ አይቆርጥም። ድርቤ ያኔ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ በመፈለግ ላይ ነበረች። ቤቱ ከሚዘጋ ብላ ምላጩን አነሳች።

መጀመሪያ ሰሞን ወንዶቹ በበሩ ብቅ ይሉና እሷን ሲያዩ «ኦቦ ጨመዳ የሉም እንዴ?» ብለው ይመለሱ ነበር። አባቷ ጥግ ካለው ወንበራቸው ላይ ሆነው «አለሁ። የምትላጨው ግን እሷ ናት» ይላሉ። በዓመቱ ሰው ለመደ። በሁለተኛው ዓመት እጇ ቀላል ነው ተብሎ ከሌላ ሰፈር የሚመጣም ተገኘ።

እስራኤል የመጣው ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ረቡዕ ከሰዓት ነበር። ጃንጥላውን በር ላይ አራግፎ ገባ። ከአፍንጫው በታች ያለውን ፊቱን በማስክ ሸፍኗል።

«አካም ጅርቱ?» አለ ለአባትየው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሲሰጥ።

«ፈያ፤ ገለቶሚ። ተቀመጥ» አሉት።

ማስኩን ሲያወልቅ ድርቤ ምክንያቱ ገባት። አገጩና አንገቱ በሙሉ በቀያይ ብጉር ተሞልቷል። አንዳንዱ ጠቁሯል፤ አንዳንዱ ገና ትኩስ ነው።

«በተላጨሁ ቁጥር እንዲህ ይሆናል» አላት። «ፂሜን ባሳድገው ደግሞ አለቆቼ አይወዱም። አዲስ ሥራ ቦታ ነኝ።»

ድርቤ መብራቱን አስጠግታ አየችው። «ፀጉርዎ ጥቅልል ነው። ከሥሩ ሲላጩት ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ዛሬ አልላጭዎትም። ሁለት ሳምንት ምላጭ ሳያስነኩት ይምጡ።»

«መጥቼ ልመለስ?»

«ካልፈለጉ መንገዱ ላይ ሌላ ፀጉር ቤት አለ» አለች፤ አነጋገሯ ግን የሚያባርር አልነበረም። እስራኤል ሳቀና ማስኩን መልሶ ወጣ።

በሁለት ሳምንቱ መጣ። ፊቱን በሞቀ ፎጣ ሸፍና አቆየችው፤ ከዚያ አዲስ ምላጭ ከፍታ ፀጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትደግም ላጨችው። ሲያበቃ በቀዝቃዛ ውኃ አጠበችውና ከመስተዋቱ ሥር አንድ ነጭ ድንጋይ አነሳች። የተወለወለ ሳሙና ይመስላል፤ ግን ወደ ብርሃን ሲይዙት ብርሃኑን ያሳልፋል።

«ምንድን ነው?»

«ሸብ። ምላጭ የጫረውን ቦታ ያደርቀዋል፤ ቆዳውንም ሰብሰብ ያደርገዋል። ያቃጥላል፤ ትንሽ ይታገሡ።»

ድንጋዩን ውኃ ውስጥ ነክራ ቀስ እያለች በአገጩ ላይ አስኬደችው። እስራኤል ትከሻውን ሰበሰበ። ጥቂት ቆይታ አጠበችለት። ድንጋዩንም በፎጣ አድርቃ ቦታው መለሰችው። እሷ ሳታይ እስራኤል ያንን ድንጋይ ተመለከተ። ከእሱ በፊት የተላጨው ሰውዬ ላይም ያረፈው ያው ድንጋይ ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን መምጣቱ ሁለት ቀን ሆነ። ብጉሩ ቀስ በቀስ ጠፋ። በመስከረም ማስኩን ጨርሶ ተወው። የነጋዴው ገብረወልድ ልጅ መሆኑን፣ አባቱ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ነቀምቴ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ እንደሚነግዱ፣ እሱ ከነቀምቴ ብዙ በማትርቀው ጉቴ ሦስት ዓመት ሠርቶ የታመሙ እናቱ አጠገብ ለመሆን ዝውውር እየጠበቀ በስንት ልመና መምጣቱን ነገራት። ሥራው ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ግን «የመንግሥት ሥራ ነው» ብሎ አለፈው።

አንድ ቅዳሜ ኦቦ ጨመዳ ወደ ውጭ ወጣ ባሉበት ድርቤ እጇን አቁማ ጠየቀችው።

«ሰው ሁሉ ሲላጭ ዓይኑን ይጨፍናል። እርስዎ ለምን አይጨፍኑም?»

«ብጨፍን ምን አያለሁ?»

 የቀረውን ጉንጩን ከወትሮው በዝግታ ላጨችው።  በማግስቱ፣ እሷ ከጸሎት ቤት እሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ተገናኝተው አንድ ጁስ ቤት ተቀመጡ። ስትነሳ «ረቡዕ ትመጣለህ?» አለችው። «ይመጣሉ?» አላለችም። እስራኤል ያችን ቃል ቤቱ እስኪደርስ በልቡ ይዟት ሄደ።

ጥቅምት ላይ ነገር ተበላሸ።

ተረፈ የሚባል አስተማሪ እዚያ በተላጨ በአራተኛው ቀን መንጋጋው አብጦ፣ መግል ቋጥሮ ሐኪም ቤት ተኛ። ወሬው በየሱቁ ዞረ። ከጤና ጽሕፈት ቤት ሌሊሳ የተባለ ጎልማሳ ባለሙያ ከአንድ ጓደኛው ጋር ለምርመራ መጣ። የምላጩን ካርቶን፣ ፎጣውን፣ ውኃውን አየ፤ ሁሉም ንጹሕ ነው። በመጨረሻ ሸቡን አነሳ።

«ይኼ ለስንት ሰው ነው?»

«ለሁሉም» አለች ድርቤ። «ምላጭ ግን ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ አልደግምም።»

ኦቦ ጨመዳ ከጥግ ተናገሩ። «ሸብ ራሱ ቆሻሻ ይገድላል። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

«ኦቦ ጨመዳ፣ ሁሉንም አይገድልም። የአንዱን ሰው ደም ይዞ ሌላው ሰው ቁስል ላይ ያርፋል። የተረፈ ሕመም ከዚህ ይምጣ አይምጣ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ግን ቤቱ እስኪስተካከል መታሸግ አለበት።» ሌሊሳ ወረቀቱን እየሞላ ቀጠለ። «ይህን ቤት መመርመር የባልደረባችን የእስራኤል ሥራ ነበር። ‹እዚያ ደንበኛ ስለሆንኩ እኔ ባላየው ይሻላል› ስላለ ነው እኔ የመጣሁት።»

ድርቤ የያዘችውን ፎጣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። «የቱ እስራኤል?» አለች፤ የቱ እንደሆነ ግን አውቃለች።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ መጣ። ከታሸገው በር ፊት ለፊት ቆማ አገኛት።

«ስላሸጋችሁት አይደለም የተናደድኩት» አለች ገና አፉን ሳይከፍት። «ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

እስራኤል መሬት መሬት አየ። «ብነግርሽ መርማሪ ሆኜ የመጣሁ እንዳይመስልሽ ፈራሁ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ቀናት ሄዱ። ከዚያ ደግሞ... እንዳትርቂኝ ፈራሁ።»

«ሰው ታመመ፣ እስራኤል። አባቴ ሰፈር ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ አፍሯል። አንድ ቃል ብትነግረኝ በማግስቱ አስተካክለው ነበር። እኔ እውነት ሲነገረኝ የምርቅ ሰው እመስላለሁ?»

 መልሱን ሳትጠብቅ ትታው ሄደች።

በሚቀጥሉት ቀናት ስልኳን አላነሳችም። ኦቦ ጨመዳም ቤታቸው ድረስ ቢመጣ ከደጅ መለሱት። «ልጄን ያየህ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድንጋዩን ነው የምታየው» አሉት። የሚያቆስል ንግግር ነበር፤ ቢሆንም አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው።

ድርቤ አልቅሳ ስታበቃ ከአባቷ ጋር ተረፈን ለመጠየቅ ሄደች። መንጋጋው በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ያርማል። ይቅርታ ስትለው እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «ቀድሞውንም ብጉር ነበረብኝ፤ ከእናንተ ይሁን ከሌላ ማን ያውቃል» አላት። «ግን አስተካክሉት።»

አስተካከለችው። የሰፈሩ ባለሱቅ ኢስማኢል ጋ ሄዳ ትንንሽ የሸብ ቁራጮችና ክዳን ያላቸው ዕቃዎች ገዛች። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ስም የተጻፈበት የራሱ ሸብ እንዲኖረው አደረገች። የድሮውን ድንጋይ ኦቦ ጨመዳ ራሳቸው ወስደው ጣሉት። የት እንደጣሉት አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

በሦስተኛው ሳምንት ሌሊሳ ማሸጊያውን ሊያነሳ መጣ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አይቶ ፈረመ። ሊወጣ ሲል ግን በሩ ላይ ቆመ።

«የማያገባኝ ከሆነ ይቅር በይኝ። እስራኤል ወደ ጉቴ ተመልሷል።»

«ለምን?»

«ደብዳቤ ጻፈ። ‹ጉድለቱን ሁለት ወር አይቼ አላሳወቅሁም፤ ጥፋቱ የፀጉር ቤቱ ብቻ አይደለም› ብሎ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። ማስጠንቀቂያ ሰጡትና ወደ ድሮ ቦታው መለሱት።»

ድርቤ ያን ቀን ሦስት ሰው ላጨች፤ ሦስቱንም ሳታናግር። ለዚያ ዝውውር ስንት ዓመት እንደጠበቀ ታውቃለች። ለማን ብሎ እንደጠበቀም ታውቃለች።

ሰኞ ቤቱን ለአባቷ አደራ ብላ ጉቴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ የምትለውን አስባ ሳትጨርስ ደረሰች። እስራኤል ከጤና ጣቢያው ግቢ ሲወጣ አያት። ፂሙ አድጓል፤ ከስቷል። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ቆመው ተያዩ። በመካከላቸው ጥድ የጫነች አህያ አለፈች።

«እናትህ እንዴት ናቸው?» አለች።

«ደህና ናት። ቅዳሜና እሁድ እሄዳለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ተረፈ እንዴት ነው?»

«ድኗል። ቅዳሜ መጥቶ ተላጨ።» ወደ እሱ ተጠጋች። «ደብዳቤውን ሰማሁ። እሱንም አልነገርከኝም።»

«እንድታዝኚልኝ የጻፍኩት እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።»

«እንግዲህ ይኼን ተው። ምን ይመስላታል እያልክ ከእኔ ነገር አትደብቅ። ክፉም ቢሆን ንገረኝ፤ ልቆጣ እችላለሁ፣ ግን አልሄድም። ሌላ ያልነገርከኝ አለ?»

እስራኤል ያደገ ፂሙን በእጁ ዳበሰ። 

«አለ» አላት። «ፊቴ ከዳነ ቆይቷል። በሳምንት ሁለት ቀን መላጨት አያስፈልገኝም ነበር።»

ድርቤ ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «እሱንስ አውቅ ነበር» አለችው። ወደ ነቀምቴ የሚመለሰው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ። ሳትሳፈርበት ሄደ፤ እሷም ቁም አላለችውም።

በጥር ወር የእስራኤል አባት ገብረወልድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ድርቤን ለልጃቸው ለመጠየቅ ኦቦ ጨመዳ ቤት መጡ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የእስራኤል እናት ወለቴ በልጆቹ ቤተ ክርስቲያን መለያየት ልባቸው ገና አልረጋም፤ የድርቤ አጎት ኢዶሳም የቋንቋና የዘር ነገር እያነሱ ሲከራከሩ ሰንብተዋል። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተናገሩ። ኦቦ ጨመዳ መሬት መሬት እያዩ ሰሟቸው። ሁሉም መልሳቸውን ሲጠብቅ ወደ ጓዳው ዞረው ልጃቸውን ጠሩ።

በልማዱ እንዲህ ባለ ቀን ሴት ልጅ መካከል ላይ ተጠርታ አትጠየቅም። ድርቤ ወጥታ ቆመች። እጇን የት እንደምታደርገው አላወቀችም።

«ኒ ጃለታ?» አሏት አባቷ። ትወጂዋለሽ? ማለታቸው ነው።

 ኢዶሳ ሊናገሩ ከጀሉና ተዉት። ድርቤ በአባቷ ቋንቋ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ መለሰች።

«ኤዬ። ነን ጃለዻ።» አዎ፣ እወደዋለሁ።

ኦቦ ጨመዳ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ሰምታችኋል» አሉ። «እንግዲህ ቀን እንቁረጥ።»