የታሸገው በርና ነገረ ፈጁ

ተማሪዎቿ «ማርሽ» ይሏታል። አባቷ በከፈቱት የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ ስንቱን ፈሪ ሾፌር ያደረገች፣ መሪ ስትይዝ እጇ የማይንቀጠቀጥ ልጅ ናት። የዚያን ቀን ጠዋት በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ግን መንገዱ ጠፍቷት ትዞር ነበር።

የትራንስፖርት ቢሮው ማሠልጠኛውን አሽጎባታል። ጎረቤት በልምምድ መኪኖቹ መንገዱ ጠበበን ብሎ አመለከተ፤ የቢሮው ሰዎች መጡና ምንም ሳይሏት በሩን አሽገው ሄዱ። አባቷ «ከመንግሥት ጋር ምን ያታግልሻል?» ቢሏትም ወይ ፍንክች። ውሳኔው ሕጋዊ መሆኑ ይመርመርልኝ ብላ አቤት አለች።

«ይቅርታ፣ ሦስተኛ ችሎት የት እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችው ዶሴ ታቅፎ የሚቅበዘበዝ ወጣት ስታገኝ።

«እኔም እሱን ፍለጋ ነው። እስካሁን ያገኘሁት አንድ መጋዘንና ሁለት መጸዳጃ ቤት ነው።»

ሳቀች። ከጭንቀቷ ብዛት ሳቁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። ደረጃው ላይ ቆም ብሎ ሲያያት እሷም አየችው። ልቧ ድው ድው አለ።

በሩን ሲያገኙት የችሎቱ አስተናጋጅ ማንነታቸውን ጠየቀች።

«አመልካች ነኝ» አለች ማርሽ።

«የቢሮው ነገረ ፈጅ» አለ እሱ።

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

ችሎት ውስጥ ተነስቶ ስለ መንገዱ ጥበት አንደበቱ ሳይደናቀፍ ተከራከረ። ማርሽ በንዴት ጦፈች፤ ዓይኗን ከሱ ላይ መንቀል ግን አቃታት። ሰብሳቢ ዳኛዋ አቋረጡት።

«ቢሮው ከማሸጉ በፊት አመልካችን ጠርቶ አነጋግሯል?»

ከኋላው የተቀመጡት አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጁ ዶሴውን ዘጋ።

«አላነጋገረም፣ ክብርት ዳኛ።»

ከእረፍት በኋላ ዳኛዋ ውሳኔውን አነበቡ። «መንገዱ ለልምምድ ይመች እንደሆነ የሚወስነው ቢሮው ነው፤ እኛ በሱ ወንበር አንቀመጥም። የኛ ሥራ ውሳኔው በሕግ አግባብ መሰጠቱን ማየት ነው። ባለጉዳይን ሳይሰሙ መዝጋት ሕጉ አይፈቅድም። እሸጋው ተሽሯል። ቢሮው አመልካችን ሰምቶ እንደገና ይወስን።»

ከኋላ ተቀምጠው የሰሙት አባቷ እንባቸውን ሲጠርጉ፣ ማርሽ ደረጃውን እየዘለለች ወርዳ ነገረ ፈጁ ላይ ደረሰችበት።

«አላነጋገረም ያልከው ለኔ አዝነህ ነው?» አለችው። «አንተ» ማለቷን ያወቀችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ለማንም ቢሆን የምለው እሱኑ ነበር። እውነቱ እሱ ነዋ።»

«አለቃህስ?»

«ተቆጥተዋል። ይህን ጉዳይ ለሌላ ሰው ስጡልኝ ስላቸው ደግሞ ባሰባቸው።»

«ለምን አልካቸው?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «ከአመልካቿ ጋር ሌላ ጉዳይ አለኝ አልኳቸው።»

ከፍርድ ቤቱ ደጅ መኪናው ሁሉ እየጮኸ ሲያልፍ ለማርሽ ዓለሙ ጸጥ ብሎባት ነበር።

ቢሮው በሌላ ነገረ ፈጅ በኩል ጠራትና ሰማት። ልምምዱን ከገበያው ጀርባ ወዳለው ሜዳ እንደምታዛውር ስትናገር ጎረቤቱም ተስማማ። በሩ ተከፈተ።

የተከፈተ ዕለት፣ ከዚያ ወዲህ በየማታው ሲደውልላት የከረመው ነገረ ፈጁ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተገተረ። አባቷ ከመጥረጊያቸው ቀና አሉ።

«ይሄ ያ የቢሮው ሰው አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ አባዬ።»

«ደግሞ ምን ቀረው?»

ልጁ አፉን ሊከፍት ሲል ማርሽ ቀደመችው። አንዴ ከዘገየች ድፍረቷ እንደሚከዳት ታውቃለች።

«እወደዋለሁ፣ አባዬ።»

ሽማግሌው መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ልጁን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አዩት፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። እንዲህ ፊቷ በርቶ አይተዋት አያውቁም።

«ታዲያ የምትወጂው ሰው ቆሞ ይቀራል?» አሉ። «ወንበር አምጪለት እንጂ።»

ማርሽ ወደ ውስጥ ሮጠች።