ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማጨሳት ሲጋራ

ይሄ ከሰው የሰማሁት አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ብታምኑም ባታምኑም አልቀየማችሁም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው "ኪኒን አናውዟት ነው" ብዬ አልፈው ነበር።

አስፈሪ ታሪክ ሲባል እኩለ ሌሊት ትጠብቁ ይሆናል። የኔው ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው የእናቴ ቤት... ጉም ደጁን ሞልቶት የበጎቹ ድምፅ እየተሰማ በጎቹ በማይታዩበት ሰዓት።

ጌታነሽ እባላለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ።

እናቴ አመተሥላሴ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች። ያስታመምኳት እኔ ነኝ። የእሷን ክፍል ከኔ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ድምፅ ማውጣት ሲደክማት በምርኩዟ ግድግዳውን ትመታለች። ሁለት ጊዜ ከመታች ውሃ ስጪኝ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከመታች አገላብጪኝ።

ሌሊቱን ስትቃትት ስለምታድር እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ። የእንቅልፍ ኪኒን ታዘዘልኝ። የታዘዘው ለሁለት ሳምንት ነበር... እኔ ዓመት ከመንፈቅ ዋጥኩት። አንዱ አልበቃ ሲለኝ ሁለት አደረግኩት። ሌሊቱ አልበቃ ሲለኝ ቀንም ጨመርኩ።

እናቴ የሞተችው በቀን ነው።

በዘጠኝ ሰዓት።

እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ ነበር...

የቀሰቀሰኝ ታናሽ ወንድሜ አወቀ ነው። ስትገነዝ አላየሁም። ቀብሯ ላይ ሁለት ሰው ደግፎኝ ቆምኩ። ማልቀስ አለማልቀሴን እንኳ አላውቅም።

"ጠርታኝ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ኧረ በጭራሽ። በእንቅልፏ ነው የሄደችው።"

ዓይኔን ሳያይ ነው የመለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ኪኒኑን ሳየው ያንገፈግፈኝ ጀመር። አንድ ቀን በንዴት ጣልኩት። በአራተኛው ቀን አንቀጥቅጦ ጣለኝና ደብረ ብርሃን ወስደው አስተኙኝ። እዚያ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ ይሄ ኪኒን በሐኪም እየታየ፣ ሩብ ሩቡ እየተቀነሰ እንጂ በድንገት እንደማይተው ነው።

ሁለተኛው ሲጋራ ነው።

ያስተማረችኝ አጠገቤ የተኛች ሴት ናት። "እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ይቺን ሳቢ" አለችኝ። ሳብኩ። አሳለኝ፣ ዞረብኝ... እጄ ግን ረጋ።

በኛ አገር ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንዴት እንደሚታይ የመንዝ ልጆች ታውቁታላችሁ። ወንዱ እንኳ ተደብቆ ነው። ሴት ከሆነችማ አለቀላት! እኔም ለሕክምና ቀጠሮ መሐል ሜዳ ከተማ ስወጣ "ለሹፌሩ ነው" እያልኩ እገዛለሁ። ያ ሹፌር የተባለውን ሁሉ አጭሶት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሳንባ አይተርፈውም ነበር።

ቤት ውስጥ አጭሼ አላውቅም። የእናቴን ባና እከናነብና ጓሮ፣ ካቡ ሥር ቁጭ እላለሁ። ባናው ከራሳችን በጎች ጸጉር የተሠራ ብርድ ልብስ ነው፤ የፈተለችው እሷ ናት። ሙት ዓመቷ ሲወጣ ለንስሐ አባቷ ለአባ ገብረ አማኑኤል ይሰጣል። የሟች መኝታ ለነፍሷ ተብሎ ነው የሚሰጠው። እስከዚያ ግን ጠረኗ አይራቀኝ ብዬ እኔ ያዝኩት።

ኪኒኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው የጀመረው...

ጉም ነበር። ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ቀሚስ እሰፋለሁ።

ኳ... ኳ።

ከእናቴ ክፍል ነው።

"አወቀ?"

ገብቼ አየሁ። አልጋው ባዶ ነው። ሰዓቴን ሳየው ዘጠኝ ይላል።

ጓሮ ወጣሁ። ሲጋራ ለኮስኩ። ጨርሼ ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

በማግስቱም በዘጠኝ ሰዓት... ኳ... ኳ። ሁልጊዜ ሁለት ብቻ። ወጥቼ ካጨስኩ ያቆማል።

ለሲስተር እየሩስ ነገርኳት። መሐል ሜዳ ኪኒኑን የምትቀንስልኝ ነርስ ናት፤ ቁጣዋንም ምክሯንም በሹክሹክታ ነው የምትነግረው።

"ኪኒኑ ከሰውነትሽ ሲወጣ ጆሮ ይነቃል። የሌለ ድምፅም ይሰማል። ያልፋል" አለችኝ።

"ሲጋራዋስ?"

"እጅሽን ታረጋልሽ ይመስልሻል እንጂ ልብሽን እያስሮጠች እንቅልፍሽን የምትነሳሽ እሷው ናት። ግን ሁለቱንም ባንዴ ተይ አልልሽም፤ ይከብድሻል። ሲጋራውን ቀስ እያልሽ ቀንሺ። ኪኒኑን እንደሆነ ልንጨርስ ነው። ብቻ እንዳትመለሺበት... አሁን ከተመለስሽ የለፋንበት ሁሉ ገደል ገባ።"

ቀነስኩ። በቀን ከአሥር አምስት፣ ከአምስት ሁለት፣ ከሁለት አንድ።

አንዷን ግን መተው አቃተኝ። የዘጠኝ ሰዓቷን።

ሙት ዓመቷ አንድ ሳምንት ሲቀረው ክፍሏን ላጸዳ ገባሁ። ከራስጌዋ በኩል ግድግዳው ላይ ሰሐን የሚያህል ምርጊት አየሁ። ቀለሙ ከሌላው ይጠቁራል። ማን መረገው? መቼ? እጄን ሳሳርፍበት ጣቴ ጭቃ ይዞ መጣ።

ዓመት ሙሉ ሰው ያልተኛበት ክፍል ውስጥ... እርጥብ ጭቃ።

ደንግጬ ባናውን አነሳሁና ፊቴን ቀበርኩበት። ጠረኗን ፈልጌ ነበር።

ሲጋራ ሸተተኝ።

እናቴ የለችበትም። ዓመት ሙሉ እየተከናነብኩ ያጨስኩበት እኔ ነኝ። የቀረችኝን በገዛ ጭሴ አባረርኳት። መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለአባም ቢሆን ሲጋራ የሚሸት ባና አይሰጥም። አጠብኩትና ካቡ ላይ አሰጣሁት። ጉሙ አልገለጥ አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን... ውሃው ይንጠባጠባል።

በአራተኛው ቀን፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ደርቆ እንደሆነ ብዬ ዳሰስኩት።

ጠርዝ ጠርዙ በረዶ ነው።

መሃሉ ሞቋል... ሰው አሁን ተነስቶ የሄደበት አልጋ ይመስል።

ሮጬ ቤት ገባሁ። ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ የደበቅኳትን ኪኒን አወጣሁ። ለሲስተር እየሩስ ያልነገርኳት አንድ ፍሬ ነበረችኝ። መዳፌ ላይ አድርጌ አየኋት። ብውጣት እተኛለሁ፤ ከተኛሁ አልሰማም።

አወቀ በሩ ላይ ቆሟል።

"እታለም... ምንድነው የያዝሽው?"

"ትጠራኛለች፣ አወቀ።"

"ማን?"

"እማዬ። ሁልጊዜ በዘጠኝ ሰዓት። ሁለት ጊዜ ግድግዳውን ትመታለች።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስንት ጊዜ አልሽ?" አለኝ።

"ሁለት። ውሃ ስጪኝ ነው የምትለው።"

እዚያው መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"ማሪኝ፣ እታለም። ዋሽቼሽ ነው።"

"ምኑን?"

"የዚያን ቀን ስገባ ምርኩዟን እንደጨበጠች ነበር ያገኘኋት። ግድግዳው... ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱ ታይቷል። ብዙ መታለች። አንቺ እንዳታዪው ብዬ ጭቃ አቡክቼ የመረግኩት እኔ ነኝ።"

"ምርኩዟስ?"

"ከእጇ ማስለቀቅ አቃተን። አብሯት ተገነዘ። ገናዦቹን ለምኜ ነው ዝም ያሉት።"

ለካ አገሩ ሁሉ ያውቃል! ቀሚስ ሊያሰፋ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ዓመት ሙሉ ዓይኔን እያየ ዝም ብሎኛል። ልመታውም ፈለግኩ፣ ላቅፈውም ፈለግኩ። ሁለቱንም አላደረግኩም።

"ስጪኝ" ብሎ እጁን ዘረጋ።

ኪኒኗን ሰጠሁት።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል ሲጋራ አልለኮስኩም። እጄ ይንቀጠቀጣል። ግን አሰብኩት... እናቴ ስትጠራኝ አንዴ በእንቅልፍ አለፍኳት፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በጭስ። ከዚህ ወዲያ አልሸሽም አልኩ።

በጣሳዋ ውሃ ሞልቼ ቆምኩ።

ኳ... ኳ።

"አቤት እማዬ" አልኩ። "መጣሁ።"

ገባሁ። ማንም የለም። ጣሳውን ከምርጊቱ ሥር አስቀመጥኩና ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

"ይቅር በይኝ... አልሰማሁሽም። ተኝቼ ነው።"

ደጅ በጎቹ ይጮኻሉ። ሌላ የተናገርኩትን አላስታውስም፤ ብዙ አልቅሻለሁ።

ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ያለ ኪኒን... ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል እንደዚያ ከተኛሁ።

ስነቃ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ጣሳው ባዶ ነው። ካቡ ላይ የተውኩት ባና ላዬ ላይ ነው፤ ደርቋል። አሸተትኩት። ሲጋራ አይሸትም።

ምርጊቱን ዳሰስኩት። እሱም ደርቋል።

አወቀ ከኋላዬ ገብቶ ያለበሰኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የዚያን ቀን ሞላሌ ገበያ ውሎ ያመሸው እዚያው ነው።

ባናውን በሙት ዓመቷ ለአባ ሰጠን። ኪኒኑን ጨረስኩ። ግድግዳውም ከዚያን ቀን ወዲህ ተመትቶ አያውቅም።

ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ለአወቀም አልነገርኩትም።

ያን ማታ ወደ ክፍሌ ስመለስ አመሌ ተነሳብኝ። አንዲት ብቻ አልኩ። ሲጋራውን የምደብቀው ከአልጋዬና ከግድግዳው መሃል ነው። መብራት ሳላበራ እጄን ሰደድኩ።

የጨበጥኩት እንጨት ነው...

ምርኩዟ በኔ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጫፉ ላይ ያለው አፈር ገና እርጥብ ነበር።