«የት ላስቀምጥ?» የማይለው ኮምፒውተር

በምነት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። የፕሪንተሩ ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ፊቱ ወደ ኮምፒውተሩ ነው።

ኢንስፔክተር ኢሊሊ በመቱ ከተማ ገበያ ዳር ያለችውን የኮምፒውተር ቤት ዞር ዞር ብላ ካየች በኋላ የሟቹን ሚስት ትንቢትን ጠራች። በረንዳው ላይ ካቴና የያዘ ፖሊስ ትንቢትን ሊያስር እየጠበቀ ነበር።

«ምሳ ይዤለት ስገባ ቀዝቅዟል። ኮምፒውተሩ ግን ይሠራ ነበር።»

«ማን ያሠራዋል?»

«ማንም! ብሮውዘሩ ራሱ ይከፈታል፣ የተማሪ የፈተና ውጤት ያወርዳል፣ ራሱ ይዘጋል። ደግሞ ይከፈታል። እሱ ሞቶ! ስሮጥ የኤሌክትሪክ ገመዱ እግሬን ጠለፈኝና ኮምፒውተሩ ጠፋ። ለፖሊሶቹ ብነግራቸው ሳቁብኝ።»

«ሌላ የምትነግሪኝ አለ?»

ትንቢት በመስኮቱ ወደ በረንዳው አየች። የባሏ ሸሪክ ገዛኸኝ ቆሞ ያያታል። አንገቷን ደፋች።

ገዛኸኝ ሲጠየቅ አልተደናገጠም። «ከማለዳ ጀምሮ ከመቱ ወጥቼ ኖፓ ነበርኩ። ውጤቱ በቴሌግራም ለተማሪዎቹ በየተራ ሲደርሳቸው አብሬ አይቻለሁ። በምነት እስከ ምሳ ድረስ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ የገባችው እሷ ብቻ ናት።»

«ውጤቱን የሚልከው ስክሪፕቱ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በራሱ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ አይደለም?»

«ገጹን የሚከፍተው፣ የሚልከው ስክሪፕቱ ነው። ፋይሉ ሊወርድ ሲል ግን ብሮውዘሩ ‹የት ላስቀምጥ?› ይላል። በምነት የተማሪውን ስም ጮክ ብሎ አንብቦ፣ ፎልደሩን በእጁ ይመርጣል። የአንዱ ከሌላው እንዳይቀላቀል ብሎ። ጎረቤቱን ይጠይቁ።»

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ሚፍታህ ነው። «ወላሂ እውነቱን ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እስከ ዳሪሙ ወረዳ ድረስ ያለውን ልጅ ሁሉ ነጥብ በቃሌ አውቃለሁ!»

«ዛሬስ ጋሼ ሚፍታህ?»

መቀሱን እንደያዘ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ዛሬ… አንድም ስም አልሰማሁም።»

ኢሊሊ ሁሉንም ወደ ውስጥ አስገባች። ኮምፒውተሩን አብርታ ስክሪፕቱን አስነሳችና እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። ብሮውዘሩ ተከፈተ። ፋይል ወረደ። ተዘጋ። ደግሞ ተከፈተ። ትንቢት ዓይኗን ሸፈነች።

«‹የት ላስቀምጥ?› አላለም» አለች ኢሊሊ። «አንድ ሰው የማውረጃውን ፎልደር አስቀድሞ ስክሪፕቱ ውስጥ ጽፎለታል። ሟቹን የገደለው ማለዳ ነው፤ ሟቹ በሕይወት ያለ እንዲመስል ውጤቱ ቀኑን ሙሉ እንዲላክ ትቶ ሄደ።»

«ሊሆን ይችላል» አለ ገዛኸኝ። «ማን?»

«ስክሪፕቱን የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ የሞከረው። እዚህ ሲያመጣው የፎልደሩን አድራሻ መቀየር ረሳ። ስክሪፕቱም የታዘዘውን ፎልደር ሲያጣ፣ እዚሁ አዲስ ፈጠረ።»

ፎልደሩን ከፈተችው። የዛሬው ውጤት ሁሉ ውስጡ ነው። ከላይ፣ በአድራሻው ላይ የተጻፈው ስም፦ ገዛኸኝ።

«ስሜን ማንም ይጽፈዋል!»

«ላፕቶፕህን ከቦርሳህ አስወጥቼ አይቻለሁ። ያው ፎልደር እዚያም አለ፤ ለሙከራ ያወረድካቸው ፋይሎች ትናንት የገቡ ናቸው።»

ገዛኸኝ ወደ በሩ ዞረ። ሚፍታህ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ካቴናው ትንቢትን አልፎ ወደ ገዛኸኝ ሄደ።

«አሁን ንገሪኝ» አለቻት ኢሊሊ።

«ገዛኸኝ የልጆቹን ውጤት በሐሰት እየቀየረ ይሸጥ ነበር። በምነት ደረሰበት፤ ሊከሰው ነበር። እኔንም እንዳይገድለኝ ፈርቼ…»

ከኋላዋ ብሮውዘሩ ደግሞ ተከፈተ።

«መጀመሪያ» አለች ትንቢት፣ ሳትዞር፣ «ያንን አጥፉልኝ።»