ዘጠነኛው ገጽ

ዶክተር እሸቴ በስደት በሚኖርባት ሮዝቪል ከተማ፣ ቤቱ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ካለው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከጎኑ የዝንጅብል ሻይ ቀዝቅዟል፤ ኩባያው ተጋምሷል። ጉልበቱ ላይ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል፤ መነጽሩም አፍንጫው ላይ ነው።

«ሲያነብ ልቡ ቀጥ ብሎበት ይሆናል» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

መርማሪ ሮማን እስኪጨርስ አዳመጠችው። በፖሊስ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ስትቆይ አንድ ልማድ አበጅታለች፤ ሰው ሲናገር አታቋርጥም፣ ሲጨርስም ለመጠየቅ አትቸኩልም። ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየች። የአንድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ዘጠነኛ ገጽ ነው። ሌሎቹ ገጾች የሉም። መደርደሪያው ላይ የሳምንቱ ኪኒን የሚቀመጥበት ሣጥን አለ፤ የቅዳሜ፣ የእሑድና የሰኞ ጉድጓዶች ከወዲሁ ባዶ ናቸው።

ባሏን መጀመሪያ ያገኘችው ወይዘሮ ጽጌሬዳ ነበረች። ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

«ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ» አለች። «በፔርሙዝ አድርጌ ለሺፍቴ ወጣሁ። ከሰው ከሚሰሙ ደግሞ ከእኔ ይስሙ፤ ልፈታው ጠበቃ ይዤ ነበር።»

«ለምን?»

«በዚህ ቤት ከእሱ ዝና ሌላ ወሬ አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ 'አርባ ታመው፣ አርባው ዳኑ።'»

ነገሩ ሮማንም በከተማው ሐበሻ መሐል የሰማችው ነው። እሸቴ ከአውሮፓ በተገኘ የሕዝብ ገንዘብ ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ዳር አዲስ የወባ መድኃኒት ሞክሮ ነበር። ውጤቱን ያወጣው አንድ ውድ የአውሮፓ መጽሔት ነው። ከአጭሩ መግቢያ ሌላ ያለ ክፍያ የሚነበብ ነገር አልነበረውም፤ እሸቴን ያስከበረውም ያ መግቢያ ነበር። አሁን ግን በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ይከፈት የሚለው አሠራር አውሮፓን ሲያዳርስ፣ መጽሔቱ የቆዩ እትሞቹን በዚያው ሳምንት ማክሰኞ በነፃ ከፍቷቸዋል።

የሥራ ባልደረባው ሙላው ጠዋት መጥቶ እንደነበር አልካደም።

«ሴንት ሉዊስ ፓርክ ካለው ቤቴ ድራይቭ አድርጌ መጣሁ፤ ተጨቃጨቅን፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። 'የእኔን አትክፈቱት' ብሎ መጽሔቱን ሲለምን ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ጽሑፉን ስጠይቀው ኮፒ የለኝም ይለኝ ነበር። ለምን እንደሸሸገው ገና ያወቅሁት ማክሰኞ ሳነበው ነው።»

«ከዚያ ወዴት ሄዱ?»

«ላብራቶሪ። አራት ሰዓት ላይ ሚቲንግ ነበረን፤ አሥር ሰው አይቶኛል።»

ሦስተኛዋ እሸቴ ልቡን ከታመመ ወዲህ ቀን ቀን የምትንከባከበው ፋና ነበረች። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ ስትናገር እጆቿን ጭኗ ላይ ታጥፋለች።

«ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ፋርማሲ ነበርኩ። ስመለስ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ሳልቀሰቅሳቸው ወደ ሁለተኛ ሥራዬ ሄድኩ።»

«ጥሩ ሰው ነበር?»

«ወንድሜ ፀሎት ጋምቤላ፣ መድኃኒቱን የሞከሩበት ክሊኒክ አብሯቸው ይሠራ ነበር። ባሮ ወሰደው። ሬሳው እንኳ አልተገኘም ብለው ለእናቴ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ለእሱ ሲሉ ነው ሥራ የሰጡኝ።»

«ያንን ጽሑፍ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ? እንዲህ ያለ ነገር አላነብም። አርባ አንድ በሽተኛ ማከማቸውን ነው ሲወራ የምሰማው።»

ሮማን አመስግና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሳታዞር ብዙ ቆየች።

ሰኞ ዕለት የምርመራው ውጤት መጣ፤ የልቡ ኪኒን የብዙ ቀን መጠን በሻዩ ኩባያ ውስጥ ተገኝቷል፤ ፔርሙዙ ግን ንጹሕ ነው። ሮማን ሦስቱንም እሸቴ በሞተበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ፔርሙዙ ንጹሕ ስለሆነ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ባፈሉት ሻይ ላይ ምንም አልነበረም» አለች። «መድኃኒቱ የገባው ኩባያው ውስጥ ነው፤ ያም እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። ሆስፒታሉም ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ እንደነበሩ አረጋግጧል። ይህች ገጽ ደግሞ የታተመችው እዚሁ ቤት ነው፤ ፕሪንተሩ ዓርብ አራት ሰዓት ከሃያ ይላል። ዶክተር ሙላው በዚያ ሰዓት ሚቲንግ ላይ ነበሩ። ፋርማሲውን ጠየቅሁ፤ ፋና፣ ዓርብ ዕለት እዚያ አልደረስሽም።»

ፋና እጆቿን ጭኗ ላይ አጠፈች።

«እኔን ያነቃኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ቤት የሚወራው አርባ ነው። ለሁሉም ክፍት የነበረው መግቢያም አርባ ይላል። አርባ አንድ የሚለው ዘጠነኛው ገጽ ብቻ ነው።» ሮማን ወረቀቱን አንስታ አነበበች። «'አርባ አንደኛ። ወንድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ የክሊኒኩ ነርስ። መድኃኒቱን በወሰደ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከውጤቱ ስሌት ወጥቷል።'»

ሙላው አንገቱን ደፋ። ጽጌሬዳ ቀስ ብላ ወደ ፋና ዞረች።

«ነርሱ ፀሎት ነው» አለች ፋና። «ረቡዕ ዕለት በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ አነበብኩት። እናቴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንዙን ስትረግም ኖራለች። ሬሳውን ከነማስረጃው የቀበሩት እሳቸው ናቸው።»

«ወረቀቱን ለምን ጉልበቱ ላይ ተውሽው?» አለች ሮማን።

«ሻዩን ከጠጡ በኋላ ነው የሰጠኋቸው። 'ያንብቡልኝ፣ እንግሊዝኛው ከበደኝ' አልኳቸው። መስመሩ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ስልካቸው እኔ እጅ ነበር። 'ይጨርሱት' አልኳቸው። ጨረሱት።»

ጽጌሬዳ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ጎንበስ ብላ ሮማን እጅ ላይ ያለውን መስመር ራሷ አነበበችው።

«ገጹን ይዘሽ እኔ ጋ መምጣት ነበረብሽ» አለች ሮማን።

«መጥቼ ቢሆን፣ ያስሩልኝ ነበር?»

ሮማን አሰበች። ፀሎት የሞተው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በሌላ አገር ነው። ሬሳ የለም፤ ምስክር የለም፤ ያለው በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር ነው። አለቃዋ ፋይሉን ሳይከፍት ይመልሰው እንደነበር ታውቃለች። ልትዋሽላት ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«አይ» አለች። «አላስረውም ነበር።»

ፋና አንዴ ራሷን ነቀነቀች፤ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች። ሮማን ካቴናውን ስታስርላት ዓይኗን ከፋና እጆች ላይ አላነሣችም።