ግማሹ የአባ ነው

«አባ እየጠሩሽ ነው» አለቻት ጓደኛዋ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሆና።

ጉንዳን አግዳሚ ወንበሩን የምትወለውልበትን ጨርቅ ጥላ ሮጠች። ባልዲው በእግሯ ተመትቶ ውኃው ፈሰሰ፤ ዞራም አላየችው። መዘምራኑ ከሚቀመጡበት ጥግ ቦርሳዋን አንሥታ ስልኳን አወጣች። ማንም አልደወለም።

«በማን ስልክ ነው የደወለው?»

«ማን?»

«አባ ነዋ።»

ጓደኛዋ ሬዲዮ ትባላለች፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። አሁን ግን ባልዲውንና ጉንዳንን ተራ በተራ አየች።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን ነክቶሻል? አባ ነው ያልኩሽ፤ ቄሱ። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው እየጠበቁሽ ነው። እዚህችው ለእዚህችው ስልክ ምን ያደርግላቸዋል?»

ጉንዳን ስልኩን መልሳ ከተተችው። ቤት ውስጥ አባቷን የምትጠራው «አባ» ብላ ነው። ጉንዳን የሚለውን ስምም ያወጣላት እሱ ነው፤ ትንሽ ሆና ከአቅሟ በላይ የሆነ ዕቃ መሸከም ስለምትወድ። አሁን አባቷ ሆስፒታል ተኝቷል። የጭነት መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ነው ራሱን ስቶ የወደቀው። ዓይኑን ይገልጣል፤ ቃል ግን አይወጣውም።

ይህን እዚህ የሚያውቅ ሰው የለም። ከወደቀ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ «አባትሽስ?» ሲሏት «መንገድ ወጥቷል» አለች። ሹፌር መንገድ ቢወጣ ምን ይገርማል? ደግሞ የጠየቃት አልነበረም። ለምን እንደዋሸች ራሷም በደንብ አታውቀውም። ብትናገረው እውነት የሚሆን መሰላት፤ ዝም ስትል ደግሞ ውሸቱ ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ ሄደ። በሰው አፍ አባቷ እስከ አሁን ወደቡን አልፎ ሄዷል።

ቄሱ ዕቃ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ብቻቸውን አልነበረም። ጡረተኛዋ መምህርት አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው አጠገባቸው ቆመዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቅዳሴ በፊት የመቁጠሪያ ጸሎት የሚያስደግሙት እሳቸው ናቸው። ጉሮሯቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«እትዬ ድምፃቸው ተዘግቷል» አሉ ቄሱ። «ዛሬ አንቺ ምሪ፣ ልጄ።»

«እኔ አልችልም።»

«አባትሽ ነግሮኛል እኮ። ማታ ማታ ግማሹን አንቺ፣ ግማሹን እሱ እያላችሁ ትደግማላችሁ አሉ። ለመሆኑ መቼ ነው የሚመለሰው?»

«አላውቅም» አለች። ይኼኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

እናቷ የማታ ፈረቃ ስለምትሠራ ጸሎቱ የሁለቱ ነበር። «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» ብላ እሷ ትጀምራለች፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ታቆማለች፤ «ቅድስት ማርያም» ብሎ እሱ ይቀበላል። አንዳንዴ ጫማውን እያወለቀ እንቅልፍ ይጥለዋል። በእግሯ ጎሸም ስታደርገው «አልተኛሁም፣ ፍሬን ይዤ ነው» ይላታል። መንገድ ሲወጣ ደግሞ መኪናውን ዳር አስይዞ በስልክ ይመልስላታል።

አሁን እናቷ ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሥራ ናት። ደውላ «በላሽ?» ትላለች፤ ጉንዳን ብትበላም ባትበላም «አዎ» ትላለች። ከዚያ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የራሷን ግማሽ ትልና ትጠብቃለች። የእሱን ግማሽ ልትልለት ሞክራ ታውቃለች፤ «በሞታችንም ጊዜ» የሚለው ጋ ስትደርስ ምላሷ ይታሰራል። ስለዚህ መቁጠሪያውን ትራሷ ሥር አስገብታ ትተኛለች።

ፊት ለፊት ተንበረከከች። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ። ግማሹ ላይ ስትደርስ እንደለመደችው አቆመች፤ ከኋላዋ ብዙ ድምፅ ተቀበላት። የሴቶቹ ለስላሳ ነው፤ ሬዲዮ ትቸኩላለች፤ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ደግሞ ሁሌም ከሁሉም ኋላ ቀርቶ «አሜን»ን ብቻውን ይላታል። መዘምራኑ «የመጨረሻው ስፌት» እያሉ የሚስቁበት በዚህ ነው። ጉንዳን ግን ዛሬ አሜኑን ጠብቃ ነው የምትቀጥለው።

እንዲህ እያለች ከጸሎቱ አምስት ክፍል አራቱን ጨረሰች። ከአምስተኛው በፊት የሚመራው ሰው ጸሎቱ ለማን እንደሚቀርብ ይናገራል። እትዬ ሰሞኑን የሚሉትን ሁሉም ያውቀዋል፤ «በመንገድ ላይ ላሉ፣ በተለይ ለሹፌራችን፤ በሰላም ይመልስልን»። በየሳምንቱ ይህን ሲሉ ጉንዳን አንገቷን ትደፋ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው አባቷን የሚፈልገው እሱ በሌለበት መንገድ ነው።

አሁን ተናጋሪዋ እሷ ናት። «በመንገድ ላይ…» ብላ ጀመረች። ሬዲዮ ከኋላ ስታስል ተሰማት።

«በመንገድ ላይ አይደለም» አለች። «ለአባቴ ነው። መንገድ አልወጣም፤ ታሟል። ሆስፒታል ነው ያለው፤ አይናገርም።»

ዞራ ለማየት አልደፈረችም። «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋ እምቢ አላት። ከኋላዋ ወፍራም የወንድ ድምፅ ካቆመችበት አነሣው። ልብስ ሰፊው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ። የእሷን ግማሽ እሱ ጨረሰላት፤ ቀሪውን ሁሉም ተቀበሉ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሄዱ።

ከቅዳሴ በኋላ ጉንዳን ሬዲዮን የፈሰሰውን ውኃ ስትወለውል አገኘቻት።

«ሬዲዮ ስለሆንኩ ነው አይደል ያልነገርሽኝ?» አለች ቀና ሳትል። «አላሰራጭም ነበር እኮ።»

«እሱ አይደለም።»

«ዛሬ እኛ ጋ ነው የምታድሪው። እማዬን አስፈቅጃለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን ላስፈቅዳት ነው።»

ጉንዳን ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ደወለች። «በላሽ?» ስትላት «አልበላሁም» አለቻት።

በማግሥቱ ከሰዓት እትዬ፣ ልብስ ሰፊውና ሬዲዮ ከእሷ ጋር ሆስፒታል ሄዱ። እናቷ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ እትዬ ነጠላቸውን አለበሷት። ጉንዳን የአባቷን እጅ ይዛ የራሷን ግማሽ አለችና ጠበቀች። አባቷ አልመለሰም። እነሱ መለሱ፤ ልብስ ሰፊውም እንደ ልማዱ ከሁሉም ኋላ ጨረሰ።