የስቪሌና መንጋጋ

ስቪሌና ሞታ የተገኘችው በጥርስ ሕክምና ተማሪዎች መለማመጃ አዳራሽ መጨረሻ ባለው የታካሚ ወንበር ላይ ነው። ወንበሩ እንደ አልጋ ተዘርግቷል። አንገቷ ላይ የምታስረው መደገፊያ ወልቆ ደረቷ ላይ ተቀምጧል። በየጠረጴዛው የተተከሉት የፕላስቲክ ጭንቅላቶች አፋቸውን ከፍተው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። የእሷም አፍ እንደ እነሱ ተከፍቷል። ከመስኮቱ ውጭ ከዳኑብ ወንዝ የተነሣው ጭጋግ የሩሴ ከተማን ጣሪያዎች ውጧቸዋል።

«ጉሮሮዋ ውስጥ ገቭሬክ አለ» አለ ኮሚሳር ስታንቼቭ፣ ከአጠገቡ የተቀመጠውን ሰሊጥ የተነሰነሰበት የቀለበት ዳቦ እያሳየ። «አንቆ የገደላት ግን እሱ አይደለም። የፖሊስ ሐኪሙ የላይኛው ከንፈሯ ከውስጥ በልዞ አግኝቷል። በፎጣ አፍነዋት፣ ዳቦው ያነቃት እንዲመስል ኋላ የከተቱት ነው።»

መርማሪ ጌርጋና ማሌቫ ወንበሩን ዞረች። ባለ ጎማዋ በርጩማ በጣም ዝቅ ብላ ከሟቿ በስተግራ ቆማለች። መብራቱ ከግራ ዞሯል። ዳቦው የተገፋበት ረጅሙ ወረንጦም በግራ በኩል ባለው ሳህን ላይ ተጋድሟል።

«አየሽ አይደል?» አለ ኮሚሳሩ። «በታካሚ ግራ የሚቀመጥ ሐኪም ግራኝ ነው። ትናንት ማታ ከእሷ ሌላ ቁልፍ የነበራቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ተማሪዎችና የልምምዱ ኃላፊ። ከሦስቱ ግራኝ አንዱ ብቻ ነው፤ ቦያን የሚባለው ተማሪ። ዳቦውም የእሱ ነው። ከቀትር በፊት ካቴና አስገባበታለሁ።»

«ከቀትር በፊት ብዙ ሰዓት አለ» አለች ጌርጋና።

መጀመሪያ የገባችው ራሊጻ ናት፤ የሟቿ የክፍል ጓደኛና አብራት የምትኖር። ዓይኗ አብጧል።

«አንገቷን ያማት ነበር?»

«ማንን የማያመው አለ እመቤቴ? እዚህ ስንገባ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብለን ነበር። አምስት ዓመት የሰው አፍ ውስጥ ስናጎነብስ ይኸው መንጠቆ ሆንን። ስቪሌና ሲብስባት ወንበሩን ዘርግታ ትጋደም ነበር።»

«ከዳቦው ቆርሳ ትበላ ነበር?»

ራሊጻ አገጯን ወደ ላይ ወርወር አድርጋ ምላሷን ቀጭ አደረገች፤ የእኛ የቡልጋሪያ ሰው «አይ» የሚለው በአንገቱ ነው።

«መንጋጋዋ ተቆልፎባት ነበር። አፏ ሁለት ጣት እንኳ አያስገባም፤ በእርጎና በሾርባ ነበር የሰነበተችው። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ‹የራሷን አፍ መክፈት ያቃታት የጥርስ ሐኪም› እንዳይሏት ትፈራ ነበር።»

ጌርጋና ወደ ሬሳው ተመለከተች። «አሁን ግን ወለል ብሏል።»

«የቆለፈው ጡንቻዋ ነው።» ራሊጻ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ነፍስ ስትወጣ ጡንቻ ይለቃል። ስትሞት ተከፈተላት።»

ቦያን ሲገባ በሩ ላይ ዝቅ አለ። ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

«ግባ እንጂ ቀጭኔ፤ አይበሉህም» አለችው ራሊጻ በተሰበረ ድምፅ።

«ዳቦው የኔ ነው» አለ ቦያን ሳይጠየቅ። «ለሁሉም አመጣለሁ። ለእሷም ትቼላት ሄድኩ። ሌላ አላውቅም።»

«ትናንት አንተና ስቪሌና ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለች ጌርጋና።

ቦያን አንገቱን ዞር አድርጎ በሩን ተመለከተ። በሩ ላይ የልምምዱ ኃላፊ ዶክተር ቲሆሚር ቫሴቭ ቆመዋል። «ስለ... ሥራ ነበር» አለ ቦያን።

«ይኸው! መናገር ፈራ» አለ ኮሚሳሩ።

«ልጄ፣ እስቲ በርጩማዋ ላይ ተቀመጥ» አለች ጌርጋና። «ከፍታዋን እንዳትነካ።»

ቦያን ተቀመጠ። ጉልበቶቹ ደረቱ ድረስ ወጡ። ወደ ወንበሩ ሊጠጋ ሲሞክር ጉልበቱ ከወንበሩ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ራሊጻ እያለቀሰች ሳቅ አመለጣት።

ዶክተር ቫሴቭ አጠር ያሉ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ «ሐውልቱ» ይሏቸዋል፤ ጀርባቸው ግድግዳ የተደገፈ ይመስላል። ኮታቸውን በግራ ክንዳቸው ይዘዋል፤ ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«አቋቋምዎ ያስቀናል ዶክተር» አለች ጌርጋና።

«ዕድሜ ልኬን የማስተምረው ይህንኑ ነው። አይሰሙም፤ ጎብጠው ይቀራሉ።»

«ትናንት ማታ ስቪሌናን አግኝተዋታል?»

«አላገኘኋትም።» አገጫቸው አልተነቃነቀም። የግራ ጠቋሚ ጣታቸውን ብቻ አወዛወዙ። «እባክሽ ቶሎ እንጨርስ። ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገና አለብኝ፤ ሕፃን ልጅ ነው።»

ጌርጋና ከኋላቸው ዞራ «ዶክተር!» አለቻቸው። ቫሴቭ ትከሻቸውንም እግራቸውንም አዙረው፣ በር እንደሚዞር ሙሉ በሙሉ ዞሩ።

ከዚህ በኋላ ሁሉንም በሬሳው ወንበር ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ኮሚሳሩ ካቴናውን ለአንድ ወጣት ፖሊስ ሰጥቶ ቦያን አጠገብ አቁሞታል።

«ከዳቦው እንጀምር» አለች ጌርጋና። «ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ዳቦ መረጠ። መንጋጋዋ እንደማይከፈት ቢያውቅ ኖሮ ዳቦ አይመርጥም ነበር። አፏን ሲከፍተው ተከፈተለት፤ ሞታ ነበርና። ስለዚህ ራሊጻ አይደለችም።»

«ቦያንስ አያውቅም ነበር» አለ ኮሚሳሩ።

«አያውቅም። ግን በርጩማዋን አየህ? አዳራሹ ከተዘጋ ወዲህ ማንም ከፍታዋን አልነካም። እዚያ ላይ የተቀመጠው አጭር ሰው ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አስብ። ሰው ገድሎ የሚቸኩል ሰው ጎንበስ ብሎ ይጨርሳል እንጂ መብራት አስተካክሎ፣ በርጩማ ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል? እንዲህ የሚያደርገው አንገቱ የማይታጠፍለት ሰው ነው። አንገቱ እንቢ ስላለው ዓይኑን ወደ አፏ ያቀረበው በበርጩማዋ ነው።»

ቫሴቭ ፈገግ አሉ። «እኔ ግራኝ አይደለሁም። ከተማው በሙሉ ያውቃል።»

«አውቃለሁ። እስቲ በቀኝዎ ይህን ይያዙልኝ።»

ከኪሷ ንጹህ ወረንጦ አውጥታ ዘረጋችላቸው። ቫሴቭ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ወረንጦውን ጨበጡት። ወይም የጨበጡት መሰላቸው። ወረንጦው ወለሉ ላይ ወድቆ ተንቃጨለ። የሚያነሣው ጠፋ።

«አንገት ላይ የተጨመቀ ነርቭ ጣት ያደነዝዛል» አለች ጌርጋና። «በድብቅ ወደ ግራ እጅዎ ዞረዋል። ግራዎ ደግሞ ገና አልሠለጠነም። ቦያን፣ አሁን ንገረኝ፤ የተጣላችሁት ስለ ማን ነው?»

ቦያን ቫሴቭን አየ። ከዚያ ካቴናውን አየ።

«ስለ እሳቸው ነው። ባለፈው ወር ስቪሌና አጋዥ በሆነችበት ቀዶ ጥገና የአንዲት ሴት ምላስ በድን ሆኖ ቀረ። ነርቭ ቆርጠውባታል። ‹አይ› ሲሉ አገጫቸው እንደማይነሣ ያየችው እሷ ናት፤ የእሷም አይነሣም ነበር። ‹ሥራ ያቁሙ፤ ካልሆነ ለዲኑ እናገራለሁ› አለቻቸው። እኔ... እኔ ዲግሪያችን በእጃቸው ነው፣ ዝም በይ አልኳት።»

«ገና ተማሪ ናት» አሉ ቫሴቭ ቀስ ብለው። «በዓይኗ ብቻ አይታኝ። እኔን የመረመሩኝ ሐኪሞች ያላዩትን። ተጋድማ አገኘኋት፤ ዓይኗን ጨፍና። ‹ዛሬስ ይሻልዎታል ዶክተር?› አለችኝ። አዝናልኝ ነበር። ማዘኗን ነው መቋቋም ያቃተኝ።»

«ከሰዓት በኋላ የሚጠብቅዎት ሕፃን ስንት ዓመቱ ነው?» አለች ጌርጋና።

ቫሴቭ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ደውልና ለእናቱ ንገር» አለች ወደ ኮሚሳሩ ዞራ። «ሌላ ሐኪም ይፈለግ።»

ፖሊሱ ከቦያን አጠገብ ተነሥቶ ወደ ቫሴቭ ሄደ። ሁለቱን እጆቻቸውን አጣምሮ ካቴናውን ቆለፈ። ወጣት ስለሆነ፣ እሳቸውም የተከበሩ ሰው ስለሆኑ፣ አፈረ።

«ጠበቀብዎት ዶክተር?»

ቫሴቭ እጆቻቸውን ለማየት ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

«ግራው ጠብቋል» አሉ። «የቀኙን አንተ እየው።»